ብዙ የሚወጣ ከታች፣ ጥቂት የሚወጣ ከላይ

«ብስክሌቶቹን ሰቅለን አክስቴን ከታች ከምናስተኛ፣ አክስቴን ሰቅለን ብስክሌቶቹን ከታች ብናቆም አይሻልም?»

ይህ ቃል በወጥ ቤቱና በጋራዡ መካከል ባለው በር ሾልኮ በደረሳቸው ጊዜ፣ እትዬ ጠጋ ከአልጋቸው ጠርዝ ተቀምጠው የግራ እግራቸውን ካልሲ እየሳቡ ነበር። ካልሲው ከቁርጭምጭሚታቸው ሳያልፍ እጃቸው ደርቆ ቀረ። ድምፁ የባዕድ ድምፅ አይደለም። የወንድማቸው ልጅ ነው፤ እናቱ በሞተች ጊዜ ተቀብለው ያሳደጉት፣ ዛሬ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኖ የዚህ ቤት አባወራ የተባለው ልጃቸው። የሚመልስለት ድምፅ ግን ጎርናና ነበር።

«ጌታዬ፣ እኔ ብረት በያጅ ነኝ፤ ሰው ሰቅዬ አላውቅም።»

«ኧረ ከነአልጋዋ ነው! ከፍ እናድርጋት ማለቴ ነው።»

«ቆጥ በሉኛ! ቆጥ ከሆነማ፣ ሰባት ማንጠልጠያ ከምበይድ አንድ ቆጥ ብበይድ ለእኔም ይቀለኛል፤ ለእርስዎም ይረክሳል።»

«ቀስ ብላችሁ አውሩ፣ ይሰማሉ» አለች የኃላፊው ሚስት።

«ብትሰማስ? ለራሷ ጥቅም አይደል እንዴ! ሙቀት ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚወጣው።»

እትዬ ጠጋ ካልሲያቸውን ስበው ጨረሱና፣ ሊሰቀል የተፈረደበት ሰው ቢያንስ ጫማ አድርጎ መገኘት ይገባዋል ብለው ጫማቸውን ከአልጋው ሥር ፈለጉ። ጠጋ የሚለው ስም ወላጆቻቸው ያወጡላቸው አይደለም፤ አውቶቡስ ያወጣላቸው ነው። የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ሆነው በኖሩበት ዘመን ከበሩ ላይ ተገትረው «ጠጋ ጠጋ በሉ! ውስጡ ባዶ ነው!» እያሉ፣ መተንፈሻ በሌለበት ሰው ላይ ሰው ሲጨምሩ ያላያቸው የለምና፣ ስሙ ከጡረታም በኋላ እግር በእግር ተከትሏቸው መጣ። ባላቸው ዐርፎ የኪራይ ቤታቸውን በለቀቁ ጊዜ ይኸው የወንድማቸው ልጅ «ክፍል እስኪገኝ ድረስ» ብሎ ጋራዡ ውስጥ አልጋ ዘረጋላቸው። ክፍል አልተገኘም። የልጆቹ ክፍል እንኳ ልጆቹ ለትምህርት ራቅ ወዳለ ከተማ ከሄዱ ወዲህ በሣጥንና በካርቶን ተሞልቶ መርፌ ቢጥሉበት መሬት አይነካም፤ የመዝገብ ቤት ሰው መጣል አይወድምና። እትዬ ጠጋ ግን አላማረሩም። ከኋለኛው ግድግዳ ላይ ትሪ የምታህል መስኮት ነበረች። አልጋቸው ከሥሯ ነው። ማለዳ ብርሃኗ ከትራሳቸው ላይ ሲወርድ ፊታቸውን ወደ እሷ መልሰው የዘወትር ጸሎታቸውን ያደርሳሉ፤ ሌሊት ጉልበታቸው ሲያስቸግራቸው ደግሞ እግራቸውን መሬት ላይ ጥለው ያለ ማንም ርዳታ ይነሣሉ። ከዚህ ዓለም የቀራቸው ርስት ይኸው ነበር፤ አንድ መስኮት፣ ከሥሩም ባለቤት የሌለው የሲሚንቶ ወለል።

ብስክሌቶቹ ሰባት ናቸው። አንደኛው ኃላፊው በጎረምሳነቱ የነዳው ዝገታም ነው፤ ሁለተኛው ሐኪም «ተንቀሳቀሺ» ባላት ማግስት ለሚስቱ የተገዛ ነው፤ አራቱ የልጆቹ ናቸው፤ ሁለት ትንንሽ፣ ሁለት ትልልቅ። ልጆቹ አድገው ሄዱ፤ ትንንሾቹ ብስክሌቶች ግን አላደጉም፤ አልሄዱምም። ሰባተኛዋ ባለ ሁለት መቀመጫ ናት። ባልና ሚስቱ በጋብቻቸው መታሰቢያ ቀን ገዝተዋት፣ መሪውን ማን ይያዝ በሚል ክርክር ከበር ሳይወጡ ስለ ተጣሉባት፣ የኋላው ኮርቻ ዛሬም ድረስ ከነላስቲኩ አለ። ኃላፊው እነዚህን በአንድ ጋራዥ ለማኖር ያልሞከረው ጥበብ አልነበረም። መጀመሪያ የአንዱን ራስ በአንዱ ጭራ አንጻር እያደረገ አስደገፋቸው፤ መሪዎቹ አይጋጩም፣ ቦታም ይተርፋል፤ ነገር ግን የሚፈለገው ብስክሌት ዘወትር ከሁሉም ውስጥ ይገኛል። ቀጥሎ መሪዎቻቸውን አጣምሞ፣ ፔዳሎቻቸውን ፈትቶ እንደ መጽሐፍ ደረደራቸው፤ ስንዝር ያህል አተረፈ፣ ፔዳሎቹ ግን የትኛው የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከዚያም በፊተኛው ጎማቸው ከመንጠቆ ላይ አንጠለጠላቸው፤ ግድግዳው ባዶ ብሎኬት ነበርና አንዱ ሲነቀል ሌላውን እየያዘ፣ ከመጠጥ ቤት እንደወጡ ባልንጀሮች ተያይዘው ወደቁ። በመጨረሻ ገመድና መዘውር ገዝቶ ባለ ሁለት መቀመጫዋን ወደ ኮርኒሱ ሲጎትታት፣ እትዬ ጠጋ ከአልጋቸው ሆነው «ላም አለኝ በሰማይ» ብለው ሳይጨርሱ ገመዱ አምልጦ ከመኪናው አፍንጫ ላይ አረፈች። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናው፣ ጋራዡ የተሠራለት ባለ ርስት፣ ለደኅንነቱ ሲባል በሸራ ተሸፍኖ ውጭ ያድራል።

ለዛሬው ሥራ ኃላፊው ከመሥሪያ ቤቱ የአንድ ቀን ፈቃድ ወስዶ ነበር። በሩን ከፍቶ ሲገባ ሚስቱ ከኋላው፣ በያጁ ሜትርና ጠመኔ ይዞ ከኋላዋ ተከተሉት።

«አክስቴ፣ ደኅና አደርሽ?»

«ፈጣሪ ይመስገን ልጄ። መቼ ነው የምሰቀለው?»

«ሞትዎን ያርቀው እትዬ! ማን እንዲህ አለ?» ብላ ሚስቱ ደረቷን ያዘች።

«ማንም አላለም። ግድግዳው ነው የነገረኝ።»

በያጁ ይህን ዓይነት ወሬ እንዳልሰማ ሆኖ ሜትሩን ዘረጋ። «እማማ፣ እስቲ ይቁሙልኝ» አለና ከተረከዛቸው እስከ ሻሻቸው ለካቸው። ቀጥሎም በትሕትና፣ «ሲተኙ እግርዎን ያጥፋሉ ወይስ ይዘረጋሉ?» ሲል ጠየቀ።

«እንደ ቀኑ ነው የኔ ልጅ። ከተበሳጨሁ አጥፋለሁ።»

«በታጠፈው እንያዘው» አለ ኃላፊው፤ «ብረት ይቆጥባል።»

ከዚያ በኋላ ነገሩን ለማስረዳት ከአንዱ ትንሽ ብስክሌት ኮርቻ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደረሰ። መዝገብ ቤትን ያቆመው ሥርዓት አንድ ነው አለ፤ ብዙ የሚወጣ ፋይል ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከእጅ አጠገብ ይቀመጣል፤ ጥቂት የሚወጣ ከላይ ይሆናል። ይህ የማንንም ክብር አይነካም፤ ከላይ የተቀመጡት እንዲያውም ብዙዎቹ ታላላቅ ጉዳዮች ናቸው። «ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁትም አክስቴ፤ እኔም ተገዝቼለት ነው የምኖረው።»

እትዬ ጠጋ ባለ ሁለት መቀመጫዋን በዓይናቸው ፈለጓት። «እኔ ከእነዚህ ያነሰ ነው የምወጣው? ይቺ እመቤት እኮ ላስቲኳን እንኳ ገና አላወለቀችም!»

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፋቱ ለሥርዓት መገዛቱ ብቻ ነበር፤ ሥርዓትን የሚወድ ሰው ደግሞ ማስረጃ ሲቀርብበት ያመዋል። «ላለፈው መረጃ የለንም» አለ። «እንግዲያው ዛሬን እንይ። እስኪመሽ ድረስ ብዙ የወጣ ከታች ይሆናል።»

«እኔስ? ልበይድ ወይስ ፍርዱን ልጠብቅ?» አለ በያጁ።

«በይድ። ማንም ይውጣ ማን፣ ቆጡ ያስፈልጋል።»

በያጁ መኪና ያህል ድምፅ ያላትን ጋሪውን እየገፋ ወደ ሥራ ቦታው ሄደ። እትዬ ጠጋም ነጠላቸውን አጣፍተው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወጡ። ጉዟቸው እስከ ሱቁ ነበር፤ አንድ ራስ ሽንኩርት ገዝተው ተመለሱ። ሽንኩርቱን ወጥ ቤት አስቀምጠው ወዲያው ወጡና ክብሪት ገዙ። ክብሪቱን አስቀምጠው ለጨው ወጡ። ባለሱቁ በአራተኛው ጊዜ ሲያያቸው ክንዱን ከሚዛኑ ላይ አንሥቶ፣ «እማማ፣ በሞቴ፣ የሚፈልጉትን ሁሉ አንዴ ይንገሩኝና ጠቅልዬ ልስጥዎ! ጉልበትዎ አያሳዝንዎትም?» አላቸው።

«አንድ ላይ ከገዛሁማ አንድ ጊዜ ብቻ ወጣሁ ማለት ነው።»

«ታዲያ ስንት ጊዜ ሊወጡ አስበው ነው?»

«ከብስክሌት የበለጠ።»

ባለሱቁ አረጋዊት ሴት አይጠየቁም ብሎ የጠየቁትን ሳሙና ሰጣቸው፤ ከእንግዲህ ደግሞ ሲመጡ የሚቀመጡበት በርጩማ ከበሩ ላይ አወጣላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። መንገድ ላይ ሲሄዱ ሐሳባቸው ከቆጡ አልወረደም። ከመሰላል ላይ ሌሊት እግራቸውን ሲያንጠለጥሉ፣ የእግራቸው ጣት መርገጫውን ሲፈልግና ሲያጣ ታያቸው። ከቆጥ ላይ የወጣ ዕቃ የሚወርደው ሲፈለግ ነው፤ ማን ይፈልገኛል? ብለው ራሳቸውን ጠየቁና፣ መልሱ ከመምጣቱ በፊት እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ኃላፊው ግን ነገሩን ከመስኮት ሲያይ ቆይቶ ነበር። ሽንኩርቱ ሲገባ ፈገግ አለ፤ ክብሪቱ ሲገባ ፈገግታው ቀዘቀዘ፤ ሳሙናው ሲገባ ጫማውን አጠለቀ። «ተነሺ!» አላት ሚስቱን። «ብስክሌቶቹ መውጣት አለባቸው።» «ጎማቸው ተንፍሷል እኮ!» «ይውጡ ነው የተባለው፤ ይሂዱ አልተባለም።» ስለዚህ ባልና ሚስቱ ብስክሌቶቹን አንድ በአንድ ከበር እያወጡ፣ እስከ ጎረቤት አጥር እየገፉ፣ እየመለሱ ያስገቧቸው ጀመር፤ በሽተኞችን ፀሐይ እንደሚያሞቁ አስታማሚዎች። ባለ ሁለት መቀመጫዋ ብቻ ጎማዋ ደኅና ነበረና መነዳት ግድ ሆነባት። እትዬ ጠጋ ግማሽ ኪሎ ድንች ይዘው ከመታጠፊያው ብቅ ሲሉ፣ የወንድማቸው ልጅ በቢሮ ሸሚዙ ላብ አጥምቆት፣ ሚስቱ በላስቲኩ ላይ እየተንሸራተተች፣ ሁለቱም በአንድ ብስክሌት ሁለት መንገድ ሊሄዱ ሲታገሉ አገኟቸው።

«ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩህ!»

«አንቺ ፔዳሉን ብቻ ምቺ! መሪው እኔ ጋ ነው!»

«ዕድሜ ልኬን ፔዳል ስመታ ኖርኩ!»

ከአጥር በላይ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች አጨበጨቡ። እትዬ ጠጋ ለድሮ የአውቶቡስ ሹፌራቸው እንደሚያደርጉት መንገድ ለቀቁላቸውና፣ «በርቱ ልጆቼ» ብለው አለፉ። በልባቸውም አዘኑ፤ ለማን እንዳዘኑ ግን አላወቁም።

ከቀትር በኋላ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ከጋራዡ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይታ የልጁ ሚስት መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ መዳፏ በመሪው ተላልጦ ነበር። ሁለቱ ሴቶች መንገዱን አዩ፤ በሸራ የተሸፈነውን መኪና አዩ። ይህች ሴት በሌላ ቀን በእትዬ ጠጋ ላይ ድምፅ አሰምታ አታውቅም፤ ለእትዬ ጠጋ ተሟግታም አታውቅም።

«እትዬ፣ ጉልበትዎን በሙቅ ውሃ ላሽልዎ?»

«ቆይ ልጄ፤ ቅመም አልገዛሁም ገና።»

ሚስቱ አንገቷን ደፍታ፣ «ቅመም ሞልቶናል» አለች። ቀጥላ አንድ ነገር ልትናገር ከንፈሯ ተነቃነቀ፤ ነገር ግን የበያጁ ጋሪ ድምፅ ከመታጠፊያው ተሰማና ተነሣች።

ቆጡ ደኅና ተሠርቶ ነበር፤ በዚህ ማንም አይታማም። የእትዬ ጠጋ አልጋ ተፈትቶ ከውጭ ተደገፈ፤ ብረቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በሰው ቁመት ልክ ተጋደመ፤ ብሎኖቹ ጠበቁ፤ ፍራሹ በመሰላል ወደ ላይ ወጣ። ያን ጊዜ ኃላፊው ጉሮሮውን ጠርጎ ፍርዱን ሰጠ። «አክስቴ ዘጠኝ ጊዜ ወጥታለች። ብስክሌቶቹ እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ ወጥተዋል። ሁለት በሰባት ዐሥራ አራት ነው።»

«እንዴት ሆኖ ነው ሰባቱ በእኔ ላይ የሚደመሩት?» አሉ እትዬ ጠጋ።

«ሰባቱ አንድ መዝገብ ናቸው አክስቴ። ቅጽ አንድ እስከ ቅጽ ሰባት።»

በያጁ ጭንቅላቱን አከከ። የኃላፊው ሚስት ግድግዳውን አየች። እትዬ ጠጋ እንደ ተረታ ሰው መሰላሉን ያዙ፤ አንድ እርምጃ ወጡና ተመልሰው ወረዱ። «እሺ። ለእኔ ግን አዲስ ነገር ነው፤ ፈራሁ። አንተ ቀድመህ ውጣና አተኛኘቱን አሳየኝ» አሉ። ይህን ሲሉ ተንኮል አላሰቡም፤ እውነትም ፈርተው ነበር።

ኃላፊው ጫማውን አውልቆ ወጣ፤ በጀርባውም ተንጋለለ። «በጣም ይመቻል! አሁን ብስክሌቶቹን አስገቡ፤ ሥርዓቱን ሙሉ ሆኖ እንየው» ሲል ከላይ አዘዘ። በያጁና የኃላፊው ሚስት የአንዱን ራስ በአንዱ ጭራ እያደረጉ አስገቧቸው። አንዱ ገባ፣ ሁለተኛው ገባ፤ ወለሉ እንደ ተጣጠፈ ልብስ ሥርዓት ያዘ። ስድስቱ ገቡ። ባለ ሁለት መቀመጫዋ ግን ብትገፋም ብትጎተትም እምቢ አለች።

«ምን ያዛት?» አለ ኃላፊው።

«መሰላሉ» አለ በያጁ። «ልክ የእሷን ቦታ ነው የያዘው።»

ብስክሌቶቹ ተለክተዋል፤ አክስት ተለክተዋል፤ ኮርኒሱም ተለክቷል። መሰላል እንደሚያስፈልግ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ መሰላል ቦታ እንደሚይዝ ግን ማንም አላሰበም። ኃላፊው ግን ሥርዓቱ በመጨረሻዋ ደቂቃ ሊፈርስበት አልወደደም። «አውጡታ መሰላሉን! ትግባ!» መሰላሉ ወጣ፤ ባለ ሁለት መቀመጫዋ ጠቅ ብላ ገባች። ከዓመታት ድካም በኋላ ሰባቱም በአንድ ጋራዥ ተኙ፤ ከላያቸውም ኃላፊው። በያጁ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ «ግሩም ነው። ቋሚውን መሰላል የት እንደምናቆመው ከወሰናችሁ ጥሩኝ» አለና፣ የራሱን መሰላል ለሌላ ሥራ ይፈልገው ነበርና ጭኖ ሄደ።

ጋራዡ ጸጥ አለ። እትዬ ጠጋ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ወደ ላይ አዩ፤ የሚታያቸው ሁለት የካልሲ ጫፍ ብቻ ነበር።

«ይመቻል?» አሉ።

«ይመቻል አልኩ እኮ።» ከዚያ ብረቱ ተንጫጨ፤ አንድ ነገር ከኮርኒሱ ጋር ዷ አለ። ደግሞ ዷ አለ። «አክስቴ…»

«አቤት ልጄ።»

«መገልበጥ አይቻልም። ትከሻዬ ይነካል። ኮርኒሱ… ኮርኒሱ ፊቴ ላይ ነው።»

«ቁመቴን ጠየቃችሁኝ፤ ጎኔን ማን ጠየቀኝ?»

ከላይ ትንፋሹ ይሰማ ነበር፤ አጭር አጭር፣ በሕፃንነቱ ሲያተኩሰው እንደሚተነፍሰው። ሚስቱ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ አሰማችና፣ «የቆጡን አወርድ ብላ አሉ!» ብላ ብስክሌቶቹን ለማውጣት ወደ ደጅ ዞረች። እትዬ ጠጋ ጉልበታቸውን ረስተው ተከተሏት። ባለ ሁለት መቀመጫዋን አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ሆነው አወጧት፤ ምንም ሳይጣሉ። ከዚያ ዝገታሙን፣ ከዚያ ትንንሾቹን። ብስክሌቶቹ ሁሉ በአጥሩ ሥር ተጋደሙ፤ ጋራዡ ባዶ ሆነ።

«ፍራሹን ቀድመህ ጣለው፤ እሱ ላይ ዝለል» አሉት።

ፍራሹ ወረደ። ቀጥሎ ኃላፊው በሆዱ እየተሳበ፣ በአንድ እግሩ አየሩን እየዳሰሰ፣ መርገጫ የሌለበትን መርገጫ ሲፈልግ ቆየ፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ወደቀ። አልተጎዳም። ከፍራሹ ላይ አልተነሣምም። ወደ ጎኑ ዞረ፤ መልሶ ወደ ሌላው ጎኑ ዞረ፤ ሥራ ይመስል ደጋግሞ ተገላበጠ። እትዬ ጠጋ አጠገቡ ተቀመጡ። ከአጥሩ በኩል ሚስቱ፣ «እነዚህን የት ላድርጋቸው?» ብላ ጮኸች።

«እዚያው ይደሩ» አለ።

«ዝናብ ቢመጣስ?»

«መኪናው እንኳ ያድር የለ?»

ተነሥቶ ወጣ፤ የተፈታውን የአልጋ ብረት በትከሻው ይዞ ገባ፤ ብሎኖቹን በጥርሱ ነክሶ አንድ በአንድ አሰራቸው። እትዬ ጠጋ የአልጋውን እግር ያዙለት። አልጋው ሲቆም ፍራሹን አነጠፈ፤ ትራሱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ፣ ቀስ ብሎ ጠየቃቸው።

«ነገስ ምን ልትገዢ ትወጫለሽ?»

«ነገ የትም አልወጣም።»

«አትውጪ» አለ።